ረሃቡ በብር፣ ሻደዩ በላስቲክ፦ ስለ ፎቶግራፍ ማተሚያ ወረቀት አመራረጥ

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከቆረም ሜዳ የተነሣ ፊልም ለዓለም አሳየ። ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው መሐመድ አሚን፣ ዘገባውን ያቀረበው ማይክል በርክ ነበር። በዚያው እ.ኤ.አ. በ1984 ብራዚላዊው ፎቶግራፍ አንሺ ሴባስቲያዎ ሳልጋዶም በቆረም መጠለያ ተገኝቶ በድርቅ የተመቱትን ወገኖች በጥቁርና ነጭ ፊልም አነሣ። ከእነዚህ ወገኖች መካከል ከዋግ ደጋ ተነሥተው፣ ቀናት በእግራቸው ተጉዘው የደረሱ ብዙዎች ነበሩ።

እነዚያ ፎቶግራፎች ዛሬም አሉ። ብር ያዘለ ጄላቲን በተቀባ ወፍራም ወረቀት ላይ ታትመው፣ አሲድ በሌለው ካርቶን ታቅፈው፣ ሙቀቱና እርጥበቱ በተመጠነ ክፍል ውስጥ በአውሮፓና በአሜሪካ ሙዚየሞች ተቀምጠዋል። በአግባቡ የታጠበ የብር ኅትመት ከመቶ ዓመት በላይ የመኖር ብቃት እንዳለው ሥራው ራሱ አስመስክሯል። የዋግ ሕዝብ የመከራ ፊት እንግዲህ አይጠፋም።

በሌላው ወገን ያለው ሁኔታ ግን የተለየ ነው። በየዓመቱ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ የዋግ ኽምራ ልጃገረዶች ሻደይ የተባለውን ለምለም ቅጠል በወገባቸው አሥረው፣ ከበሮ እየመቱ ወደ ሰቆጣ አደባባይ ይወጣሉ። ካሜራ የያዘ ሁሉ ያነሣቸዋል። ከሚነሣው ውስጥ እጅግ ጥቂቱ ይታተማል፤ የሚታተመውም በየክልሉ ከተማ እንደተለመደው ባነር በተባለው ላስቲክ ላይ ነው። ባነር አንድ በዓል እስኪያልፍ፣ አንድ ስብሰባ እስኪበተን ለማስታወቂያ የተሠራ ዕቃ ነው። ፀሐይ ሲበረታበት ቀዩ ይገረጣል፤ ላስቲኩ ልስላሴውን አጥቶ ይሰነጠቃል፤ በመጨረሻም የገበያ ጥላ ወይም የእህል መሸፈኛ ሆኖ ይቀራል።

ውጤቱ ምንድን ነው? ረሃቡ በብር ተቀመጠ፤ ሻደዩ በላስቲክ ረገፈ። ከመቶ ዓመት በኋላ የዋግን ሕዝብ ፊት በወረቀት ላይ የሚፈልግ ተመራማሪ የሚያገኘው የ1977ቱን መከራ ብቻ ይሆናል። ያረሰው፣ ቀፎ የሰቀለው፣ የዳረውና የዘፈነው ሕዝብ ምስክር አያገኝም። ይህ የፎቶግራፍ አንሺው በደል አይደለም። መከራውን ያነሡት ሰዎች ሥራቸውን ሠርተዋል፤ ለሥራቸውም ዕድሜ ገዝተውለታል። ጥፋቱ የደስታውንና የሥራውን ምስል በእጁ ይዞ ዕድሜ ሊገዛለት ያልፈለገው ወገን ነው። ጉዳዩ እንግዲህ የወረቀት ጉዳይ ነው፤ የወረቀት ጉዳይ በመሆኑም የታሪክ ጉዳይ ነው።

«ዋናው ምስሉ ነው» የሚለው ስሕተት

አንዳንድ ወገኖች «ዋናው ምስሉ ነው፤ ወረቀቱ ተሸካሚ እንጂ ሌላ ምንድን ነው?» ይላሉ። ይህ አባባል ሲሰሙት እውነት ይመስላል። ሠዓሊ ግን ስለ ሸራው እንዲህ አይልም፤ ሐውልት ቀራጭም ስለ ድንጋዩ እንዲህ አይልም። ፎቶግራፍ አንሺው ብቻ የሥራውን ሥጋ ለሱቅ ሻጭ ትቶ ነፍሱን ይዤአለሁ ቢል ማን ያምነዋል?

ኢንክጄት በተባለው ቀለም ረጪ ማተሚያ የሚወጣ ፎቶግራፍ ከሦስት ነገሮች የተሠራ ነው። የመጀመሪያው የወረቀቱ አካል ነው፤ ይህም ከጥጥ ወይም ከእንጨት የተገኘ ቃጫ ነው። ሁለተኛው በአካሉ ላይ የተቀባውና ቀለሙን ተቀብሎ የሚይዘው ስስ ሽፋን ነው። ሦስተኛው ቀለሙ ራሱ ነው። የወረቀቱ አካል ያልተጣራ እንጨት ከሆነ በውስጡ የቀረው ሊግኒን በብርሃን እየቆየ ወረቀቱን ያበልዘዋል፤ አሲድ ካለበትም ቃጫው እየተበላ ይሰባበራል። ሽፋኑ ደካማ ከሆነ ቀለሙ ይላጣል፣ ይፋቃል። ቀለሙ ደካማ ከሆነ ደግሞ ፊቱ ይጠፋል። ከእነዚህ አንዱ ሲሞት ሌሎቹ ብቻቸውን ምስሉን ሊያኖሩት አይችሉም።

«ምስሉ በስልክና በኮምፒዩተር አለ፤ መታተሙ ለምን ያስፈልጋል?» የሚልም አይጠፋም። ለዚህ መልስ የሰጠው የዋግ ሕዝብ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት ከአበርገሌና ከሌሎች ወረዳዎች ተፈናቅሎ በሰቆጣ የተጠለለው ወገን ስልክ ሲጠፋ ምስል አብሮ እንደሚጠፋ፣ መብራትና ኔትወርክ ሲቋረጥም ያለው እንደሌለ እንደሚሆን ከማንም በላይ ያውቃል። በእርግጥ ወረቀትም ይቃጠላል። ነገር ግን አንዱ ቅጂ በትምህርት ቤት፣ አንዱ በባህል ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ በአዲስ አበባ የተቀመጠ ወረቀት ያለ ኤሌክትሪክ፣ ያለ ይለፍ ቃል፣ ያለ ማንም ፈቃድ በዓይን ይነበባል።

የአገሪቱ የፎቶግራፍ ታሪክም ይህንኑ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1905 አዲስ አበባ የገባው የአርመን ተወላጅ ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ ለነገሥታቱ ያነሡት ምስል እስከ ዛሬ የሚታየው በወረቀትና በመስታወት ላይ ስለቀረ ነው። የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው ሽመልስ ደስታ ያነሣው ዘመን ከዓመታት በኋላ ለንደን ላይ ለሕዝብ የታየው ሰውየው ኔጋቲቩን ጠብቆ ስላቆየ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በአይዳ ሙሉነህ መሥራችነት በአዲስ አበባ የተዘጋጀው አዲስ ፎቶ ፌስት ያስገኘው ትልቁ ትምህርትም የኢትዮጵያ ፎቶግራፍ በወረቀት ታትሞ በግድግዳ ላይ ቆሞ ሲታይ የሚናገረው ሌላ መሆኑን ነው። የተጠበቀው ቀረ፤ ያልተጠበቀው ጠፋ። ከዚህ የተለየ ሕግ የለም።

የንጣት አምልኮ

ወረቀት ይመረጥ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የነጣውና የሚያብረቀርቀው ነው። ሁለት ቅጠል ጎን ለጎን ሲቀርብ ዓይን ወደ ነጩ ይሄዳል፤ ሻጩም ይህን ያውቃል። ነገር ግን የዚህ ንጣት ምንጭ ምንድን ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ንጣቱ የወረቀቱ አይደለም። በወረቀቱ ውስጥ የተጨመረ ነጭ ማድመቂያ ኬሚካል ነው። ይህ ኬሚካል ዓይን የማያየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ተቀብሎ ሰማያዊ ብርሃን አድርጎ ይመልሳል። በዱቄት ሳሙና የታጠበ ነጠላ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ንጣት የሚያሳየው በዚሁ ዓይነት ኬሚካል ነው። ኬሚካሉ ግን ያልቃል። ብርሃን እየመታው ሲሄድ ኃይሉ ይደክማል፤ ያን ጊዜ ወረቀቱ ወደ ትክክለኛ መልኩ፣ አንዳንዴም ከዚያ ወደ ባሰ ብጫነት ይወርዳል። ወረቀቱ ሲበልዝ ደግሞ በላዩ የታተመው ቀለም ሁሉ አብሮ ይዛባል። በንጣት የተገዛ ምስል ከንጣቱ ጋር ያረጃል ማለት ነው።

ይህን ለማወቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። በየባንኩና በየሱቁ የሐሰተኛ ብር መመርመሪያ መብራት አለ። ያ መብራት የሚረጨው አልትራቫዮሌት ነው። እውነተኛ የገንዘብ ወረቀት ነጭ ማድመቂያ ስለሌለበት ከመብራቱ ሥር ጨለም ብሎ ይታያል፤ በተራ ወረቀት የታተመው ሐሰተኛ ግን ሰማያዊ ሆኖ ይፈካል። የፎቶግራፍ ወረቀትም እንዲሁ ነው። ከመብራቱ ሥር ደምቆ የሚፈካው ንጣቱን የተበደረ ነው፤ ዝም ያለው ንጣቱ የራሱ ነው። ነጋዴው ለመቶ ብር ኖት የሚያደርገውን ምርመራ የኪነ ጥበብ ባለሙያው ለአንድ ሕዝብ ምስል ሳያደርግ ይቀራል። ለምን?

የንጣት አምልኮ ሌላም ጉዳት አለው። የዋግ ደጋ ሰው የሚለብሰው ጋቢ ነጭ ነው፤ ንጣቱ ግን የጥጥ ንጣት፣ ወተት መሰል፣ ሞቅ ያለ ንጣት ነው። በማድመቂያ በተሞላ ወረቀት ላይ ሲታተም ጋቢው የቢሮ ወረቀት ይመስላል። ከጋቢው ሥር ያለው ጠይም ፊትም ሙቀቱን ያጣል። የውጭው ዓለም በዚህ ረገድ የሠራው ስሕተት የታወቀ ነው። የቀለም ፊልም ላቦራቶሪዎች ለብዙ ዓመታት የኅትመታቸውን ሚዛን ያስተካክሉ የነበሩት «ሸርሊ» በሚባል የነጭ ሴት ፎቶግራፍ ነበር፤ በዚያ ሚዛን የጥቁር ሰው ፊት ዝርዝሩን አጥቶ ጨለማ ሆኖ ይወጣ ነበር። ዛሬም ወረቀት ሲገመገም የሚታተመው የሙከራ ምስል ከውጭ የመጣ ከሆነ ያ ስሕተት በሌላ በር ይመለሳል። የሰቆጣ ባለሙያ ወረቀት ሊመዝን የሚገባው በሰቆጣ ምስል ነው፤ በጣራ ክፈፍ ጥላ ሥር በተቀመጠ ጠይም ሽማግሌ፣ በትከሻው ላይ ባለው ጋቢ፣ ከኋላው ባለው የድንጋይ ካብ።

በጥቁረትም በኩል ሐቁ መነገር አለበት። ማት የሚባለው የማያብረቀርቅ ወረቀት የሚደርስበት የጥቁረት መጠን ብዙውን ጊዜ በ1.6 እና በ1.7 መካከል ነው፤ ባሪታ የተቀባው ወረቀት ከ2.2 ያልፋል። 1.6 ማለት ጥቁሩ ከሚያርፍበት ብርሃን 2.5 በመቶ ያህሉን ይመልሳል ማለት ሲሆን፣ 2.2 ደግሞ 0.6 በመቶ ገደማ ብቻ ይመልሳል። ስለዚህ ባሪታው ይበልጥ ጥልቅ ጥቁር ይሰጣል። የውቅር መስቀለ ክርስቶስን የመሰለ ከዓለት የተፈለፈለ ሕንፃ ውስጡን ላነሣ ሰው ይህ ትርጉም አለው። ነገር ግን የሚያብረቀርቅ ወረቀት መስታወት በሌለው ፍሬም፣ በር በተከፈተበት አዳራሽ ሲሰቀል ተመልካቹ የሚያየው ምስሉን ሳይሆን የበሩን ብርሃን ነው። በአንድ ቦታ የሚበልጠው በሌላ ቦታ ያንሳል፤ ምርጫው ከሚሰቀልበት ግድግዳ መነሣት ይኖርበታል።

በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዕድሜ

ሌላው የተሳሳተ አመለካከት በወረቀቱ ካርቶን ላይ «100 ዓመት» ወይም «200 ዓመት» ተብሎ የተጻፈውን እንደ ቃል ኪዳን መቀበል ነው። ይህ ቁጥር ከየት መጣ?

በዚህ ሥራ ስሙ የታወቀው አሜሪካዊው ሄንሪ ዊልሄልም የሚመራው የምርምር ተቋም ኅትመቶችን በኃይለኛ ብርሃን አጣድፎ ይፈትናል፤ ከዚያም ውጤቱን ወደ ተራ ቤት ብርሃን መልሶ ያሰላል። ስሌቱ የሚነሣው ምስሉ ከመስታወት ሥር ሆኖ በቀን ለ12 ሰዓት 450 ሉክስ ብርሃን ያገኛል፣ የክፍሉ ሙቀት 24 ዲግሪ፣ እርጥበቱም 60 በመቶ ነው ከሚል ግምት ነው። ይህ ሐቀኛ ሥራ ነው፤ ግምቱም በግልጽ የተነገረ ነው። ሐቀኛ ያልሆነው ግምቱን ጥሎ ቁጥሩን ብቻ የሚያነበው ገዥ ነው።

ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር ወደ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከዚህም በላይ የደጋው ፀሐይ በቀጥታ ሲወርድ ብርሃኑ እስከ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። ሒሳቡ ቀላል ነው። በፈተናው ግምት አንድ ምስል በቀን የሚያገኘው ብርሃን 450 በ12 ተባዝቶ 5,400 ሉክስ ሰዓት ነው። ቀጥተኛ ፀሐይ በአንዲት ሰዓት ብቻ 100,000 ያወርዳል፤ ይህም ከ18 ቀን በላይ ነው። ከበር ፊት ለፊት ተሰቅሎ በቀን 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ምስል በአንድ ወር ውስጥ የ9 ዓመት ብርሃን ጠጣ ማለት ነው። የጨረሩ ብርታትና የመስታወቱ አለመኖር ገና አልታሰበም። በካርቶኑ ላይ መቶ ዓመት የተጻፈለት ምስል እንዲህ ባለው ግድግዳ ላይ አንድ ዓመት ከቆየ የተባለለትን ዕድሜ ጨርሷል።

ቁጥር ሁሉ የሚለካውን ብቻ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2000 በውጭ ገበያ የቀረበ አንድ ዝነኛ ማተሚያ ምስሉ 10 ዓመት እንደሚቆይ ተነግሮለት ሳለ የብዙ ሰዎች ኅትመት በሳምንታት ውስጥ ወደ ብርቱካንማ ተለወጠ። የተደረገው ፈተና የብርሃን ፈተና ነበር፤ ምስሉን የበላው ግን በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን ሆኖ ተገኘ። ኦዞኑ በሚያብረቀርቀው ወረቀት ቀዳዳማ ሽፋን ዘልቆ ሰማያዊውን ቀለም አጠፋው። ብርሃንን የፈተኑት ሰዎች አየሩን ረስተው ነበር። የዋግ ደጋ አየር ደግሞ የራሱ አለው፤ የማገዶ ጢስ አለ፣ የበጋ አቧራ አለ፣ በክረምት ከግድግዳ የሚወጣ እርጥበት አለ፣ ምስጥ አለ። እነዚህን የፈተነ የውጭ ቤተ ሙከራ ስለሌለ ፈታኙ የአገሩ ባለሙያ ከመሆን ሌላ አማራጭ የለም።

የብራናው ትምህርት

ዕድሜ ያለው ገጽ ማዘጋጀት ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች በካርቦን መለኪያ ሲመረመሩ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተዘጋጁ መሆናቸው ታውቋል። ቀለማቸው ዛሬም ደማቅ ነው። በጀርመን አገር የሚገኘውና ዛሬ ለፎቶግራፍ የጥጥ ወረቀት በማምረት የታወቀው የሐነሙሌ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1584 ተመሠረተ እየተባለ ዕድሜው ይወደሳል፤ መወደሱም ተገቢ ነው። ነገር ግን ያ ዘመን በኢትዮጵያ ዐፄ ሠርፀ ድንግል የነገሡበት ዘመን ነበር፤ በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ብራና ፋቂ ከሺህ ዓመት ያላነሰ የሙያ ውርስ በእጁ ነበረው።

ይህ የሚነገረው ለጉራ አይደለም፤ ለመለኪያ ነው። ብራና ለምን ኖረ? አንደኛ፣ አካሉ ንጹሕ ስለሆነ ነው። የፍየሉ ቆዳ በውኃ ይዘፈዘፋል፣ በፍሬም ይወጠራል፣ ሥጋና ስቡ ተፍቆ ይወጣል፤ የሚበሰብስ ነገር አይተውበትም። የአበርገሌ ፍየል አገር የሆነው ዋግ ይህን ሥራ ከማንም መማር አያስፈልገውም። ሁለተኛ፣ ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት የሚሠራ ስለሆነ ነው። ጥላሸት ካርቦን ነው፤ ካርቦን ብርሃን አያደበዝዘውም። ሦስተኛ፣ መጽሐፉ በማኅደር ስለሚቀመጥ ነው፤ ለንባብ ይወጣል፣ ከንባብ በኋላ ይመለሳል፤ ፀሐይ ላይ አይሰጣም።

እነሆ ዘመናዊው ሳይንስ ለኢንክጄት ኅትመት የሰጠው ምክር ከዚህ አንድ እርምጃ አያልፍም። አካሉ ከጥጥ ወይም በደንብ ከተጣራ የእንጨት ቃጫ ይሁን፤ አሲድ አይኑርበት፤ ከአየር የሚመጣውን አሲድ የሚመክት ካልሲየም ካርቦኔት ይጨመርበት። ቀለሙ በውኃ የሚሟማው ዳይ ሳይሆን በደቃቅ ቅንጣት የተሠራው ፒግመንት ይሁን። የፒግመንቱ ጥቁር ከምን ይሠራል? ከካርቦን ይሠራል። የደብተራው ጥላሸትና የማተሚያው ጥቁር የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የታተመውም ምስል በጨለማና በደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ይህን ሁሉ በብራና የተረጋገጠ ጥበብ አጠገቡ ይዞ ለላስቲክ መማረክ የድህነት ሳይሆን የመርሳት ውጤት ነው።

ድህነት ምክንያት ይሆናልን?

በመጨረሻ የሚቀርበው መከራከሪያ ጠንካራው ነው። «ለውኃና ለመድኃኒት ያልበቃ ገንዘብ እንዴት ለውድ ወረቀት ይውላል? ይህ የከተማ ቅንጦት ነው» ይባላል። ሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የተገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በዚህች ከተማ ስም የተሰየመው ያለ ምክንያት አይደለም። የችግሩን ክብደት መካድ አይቻልም። ይሁን እንጂ መከራከሪያው ሁለት ነገሮችን ይስታል።

አንደኛ፣ ውድ የሆነው ሁሉ ይኖራል፣ ርካሽ የሆነው ሁሉ ይሞታል የሚለው ግምት ሐሰት ነው። መቶ በመቶ ጥጥ የሆነው ወረቀት ከሁሉ ይወደዳል። አልፋ ሴሉሎስ የሚባለው በደንብ የተጣራ የእንጨት ቃጫ ግን ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ሊግኒንና አሲድ ከሌለበት፣ ነጭ ማድመቂያም ካልገባበት፣ በዕድሜ ጉዳይ የሚታማ አይደለም። በሌላ በኩል እጅግ ውድ የሆነ የጥጥ ወረቀት ገዝቶ በርካሽ በሚሞላ የዳይ ቀለም ማተም ገንዘብን ወንዝ ውስጥ መጣል ነው። ወረቀት ብቻውን አይመዘንም፤ ከቀለሙ ጋር ይመዘናል። ጥጥ ነው ተብሎም አይታለፍም፤ ማት የጥጥ ወረቀት ገጹ ስስ ስለሆነ እጅ በበዛበት አዳራሽ ያለ መስታወት ከተሰቀለ ይፋቃል፣ ላብ ይይዛል።

ሁለተኛ፣ ብክነቱ ያለው በመጠን ላይ ነው። ሦስት ሜትር ባነር ለአንድ በዓል አሳትሞ ለከርሞ እንደገና ማሳተም በየዓመቱ የሚከፈል ግብር ነው። በዚህ ፈንታ ከዓመቱ ምስል ሁሉ የተመረጡ 20 ምስሎች በኤ4 መጠን በጥሩ ወረቀትና በፒግመንት ቀለም ቢታተሙ፣ ስሙ፣ ቦታውና ቀኑ ከጀርባቸው በእርሳስ ቢጻፍ፣ አሲድ በሌለው አቃፊ ውስጥ ገብተው በደረቅ ሣጥን ቢቀመጡ፣ በአሥር ዓመት 200 ምስሎች ያሉት የዋግ ኽምራ መዝገብ ይሆናል። በግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ቅጂ ሌላ ይሁን፤ እርሱ በርካሹ ወረቀት ይታተም፣ ሲገረጣም ይለወጥ። የሚያረጅ አንድ፣ የሚኖር አንድ። ዕቅዱ ይህ ነው፤ ቅንጦት የሚባል ነገር በውስጡ የለም።

በሰቆጣ እንዴት ይመዘን?

ወረቀት ለመመዘን የሚያስፈልገው ትዕግሥት እንጂ ውድ መሣሪያ አይደለም። በገበያ ከተገኙት ወረቀቶች አራት ወይም አምስት ዓይነት ይመረጥ። በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ምስል፣ በአንድ ዓይነት ቀለም ይታተም፤ ከምስሉ ሥር ከነጭ እስከ ጥቁር ደረጃ በደረጃ የሚወርድ የግራጫ መሰላል ይጨመር። እያንዳንዱ ኅትመት ለሁለት ይከፈል፤ አንዱ ግማሽ በጥቁር ወረቀት ተጠቅልሎ በሣጥን ይቀመጥ፣ ሌላው ወደ ደቡብ በሚያይ መስኮት ላይ ይለጠፍ። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ፀሐዩ ወደ ደቡብ ያዘነብላልና የበጋው ብርሃን ሁሉ ያገኘዋል። ስድስት ወር ሲሞላ ሁለቱ ግማሾች ጎን ለጎን በጥላ ሥር ይታዩ። የትኛው ነጭ በለዘ? የትኛው ቀይ ሸሸ? የሻደዩ አረንጓዴ በየትኛው ላይ ቀረ?

ከዚህ ጋር ሌሎች አጭር ፈተናዎች ይደረጉ። የብር መመርመሪያው መብራት ይብራበት። በጥቁሩ ላይ ነጭ ጨርቅ ይታሽ፤ ጨርቁ ከጠቆረ ገጹ አይታመንም። አንዲት የውኃ ጠብታ ትንጠብበትና ቀለሙ ይሮጥ እንደሆነ ይታይ፤ በክረምት ጣራ ያፈስሳልና። አንድ ቅጠል በበጋ ደረቅ አየር ውስጥ ሳይጫን ይቀመጥና ምን ያህል እንደሚጠቀለል ይለካ። ውጤቱ ሁሉ ቀን ተጽፎበት በደብተር ይመዝገብ። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ባለሙያ ከዜሮ አይጀምርም።

ይህ ሥራ ለአንድ ሰው የተተወ አይደለም። መምህሩ ለፊዚክስና ለኬሚስትሪ ክፍል ከዚህ የተሻለ ተግባራዊ ትምህርት አያገኝም፤ ብርሃን፣ አሲድ፣ ካርቦንና ኦዞን በአንድ ቅጠል ላይ ተሰብስበዋል። ሠዓሊውና ፎቶግራፍ አንሺው የሥራቸውን ሥጋ ራሳቸው የመምረጥ ግዴታ አለባቸው፤ «ፎቶ ቤቱ ያመጣው ይህን ነው» የሚለው መልስ ከእንግዲህ አይበቃም። የባህል ሥራ ኃላፊው ደግሞ የትርዒት በጀት ሲያጸድቅ «ስንት ሜትር ነው?» ከማለት በፊት «ስንት ዓመት ይኖራል?» ብሎ ይጠይቅ። ይህ አንድ ጥያቄ ብቻ በየጽሕፈት ቤቱ ቢለመድ ብዙ ነገር ይለወጣል።

የዋግ ሕዝብ በ1977 ዓ.ም. ካሜራ ፊት የቆመው ሳይመርጥ ነው። ፊቱ የሚቀመጥበትን ወረቀት የመረጡት ሌሎች ነበሩ፤ እነርሱም መልካም ወረቀት መረጡ። በነሐሴ በገዛ ፈቃዱ፣ በገዛ ዘፈኑ፣ በገዛ ልብሱ አደባባይ ሲወጣ ወረቀቱን የሚመርጠው የገዛ ልጁ ነው። የገዛ ልጁ ከባዕድ ያነሰ ወረቀት ሊመርጥለት አይገባም።